የቆዳ አፈሳር በድሬዳዋ ሙቀት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከመስከረም ወዲህ የጋሪ ፈረሴ የሚታሰረው በቆዳ አፈሳር፣ ማለትም ጭንቅላቱ ላይ በሚጠለቅ የቆዳ ማሰሪያ ነው። ከዚያ በፊት ናይለን ነበር። ናይለን ርካሽ ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ገበያ ላይ እንደ ልብ ይገኛል። እኔ ግን አልመለስበትም።

አንደኛ፣ የድሬ አቧራ ከላብ ጋር ተለውሶ ናይለኑ ሥር ሲገባ ፈረሱን ይልጠዋል። የእኔው አፍንጫው ላይ ፀጉሩ ተመልጦ ነበር። አሁን በቅሎለታል፣ ግን ነጭ ሆኖ ነው የወጣው።

ዋናው ግን ናይለን አለመበጠሱ ነው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጥሩ ነገር ያየዋል። ፈረስ ሲደነግጥ ወደ ኋላ ይስባል። ማሰሪያው አልለቅ ካለው ይብስበታል፤ ይወድቃል፣ አንገቱን ይጎዳል። ጥር ላይ ፈረሴ ከዚራ ሰፈር በቆዳው አፈሳር ታስሮ ቆሞ ሳለ የጭነት መኪና አጠገቡ ጡሩምባ ነፋ። በኃይል ሳበ። ከጆሮው ጀርባ ያለው ጠፍር ተበጠሰና ለቀቀው። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ፤ ጭረት እንኳ አላገኘውም። ቆዳ ሰፊው ጠፍሯን ብቻ ቀየረልኝ።

ልኩን ሳታዩ ግን አትግዙ። የአፍንጫው ማሰሪያ ከጉንጭ አጥንቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይዋል። ከዚያ ከወረደ ስስ አጥንት ላይ ያርፋል፣ ትንፋሽም ያውካል። ሲያኝክ መንጋጋው እንዲላወስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ከሰፋም አይሆንም፤ በኋላ እግሩ ጆሮውን ሲያክ ሰኮናው ይገባበታል። በዚሁ ምክንያት ማታ በረት ሲገባ አወልቅለታለሁ።

ቀጭን የገመድ አፈሳርም አለ። ጫናው ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ለመግራት ይሆናል፤ በሱ አስሮ መሄድ ግን አደጋ ነው።

የቆዳው ችግር እንክብካቤ መፈለጉ ነው። ሐረር ያሉ ወዳጆቼ በወር አንዴ ሞራ መቀባት ይበቃል ይላሉ። እነሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ድሬ ግን ወደ 1,200 ስለሆነ ይበልጥ ይሞቃል። እዚህ በየሳምንቱ ካልቀባሁት በዘለበቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ይሰነጣጠቃል። ላቡን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ ክው ብሎ ይደርቃል።

ዘለበቱ ብረት ስለሆነ ዝጓል። የምትገዙ ሰዎች ከመጀመሪያው የናስ ዘለበት ያለውን ጠይቁ።