የሮማውያን የልምምድ ሰፈር ወይስ የዘመቻ ሰፈር?

በብሪታንያ ገጠር ማዕዘኑ የተጠጋጋ ባለአራት ጎን የአፈር ጉብታ ሲገኝ መጀመሪያ ስፋቱ ይለካ። የዘመቻ ሰፈር ሠራዊት ያድርበታል፤ በስኮትላንድ ያለው ዱርኖ 58 ሄክታር ገደማ ነው። ወታደሮች ሰፈር መሥራት የሚለማመዱበት የልምምድ ሰፈር ግን ብዙ ጊዜ ጎኑ ከ20 እስከ 30 ሜትር ነው። ማንም ስለማያድርበት ወታደሮቹ ቀጥታውን ጎን ያሳጥሩና የሚያስቸግሩት ማዕዘንና በር ላይ ይበረታሉ።

ለዚህ ዌልስ ውስጥ ያለው ላንድሪንዶድ ኮመን ድንቅ ቦታ ነው፤ በካስቴል ኮለን ምሽግ አቅራቢያ 18 የልምምድ ሰፈሮች ተመዝግበዋል። በሩ ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ የጠላትን ቀጥታ ሩጫ የሚገታ አጭር ጉብታና ጉድባ ይፈለግ።

ያልታረሰ የግጦሽ መሬት ላይ ጉብታው ዝቅ ብሎም ቢሆን ይተርፋል፤ የክረምት ጠዋት ፀሐይ በአግድም ስትመታው ጥላው ያጋልጠዋል። ብዙዎቹ የዘመቻ ሰፈሮች ግን ታርሰው ጠፍተዋል። በደረቅ በጋ የተደፈነው ጉድባ እርጥበት ስለሚይዝ ከላዩ ያለው ሰብል ለምልሞ ይቆያል፤ ይህም ከአየር ላይ ይታያል።

የበግ በረት በቀላሉ ያሳስታል። ማዕዘኑ ሹል ከሆነ፣ ውጪውም ጉድባ ከሌለው፣ መጠርጠር ይገባል።