ጀርመን አገር ለምትማሩ፦ «ፓሪስ በ89 ዩሮ» የሚለውን የጉዞ ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት

ጥቅምት ላይ አዲሱ ሴሚስተር ሲከፈት የውጭ አገር ተማሪዎች በሚገኙባቸው የዋትሳፕና የቴሌግራም ቡድኖች ደጋግሞ የሚለጠፍ አንድ ማስታወቂያ አለ፤ አርብ ማታ በአውቶቡስ ተነስቶ እሁድ ማታ የሚመለስ የፓሪስ ጉዞ፣ የአንድ ሌሊት አልጋን ጨምሮ፣ በ89 ዩሮ ብቻ የሚል ነው። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ በሌላ ስም ተመሳሳይ ውል የሚያቀርቡ ስላሉ የሚጠቅማችሁ የውሉን አሠራር ማወቁ ነው።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ የማስተርስ ተማሪ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ውሉን አምጥቶልኝ መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። በመመዝገቢያው የመጨረሻ ገጽ ላይ 15 ዩሮ የሚያስከፍል የስረዛ መድን ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይጠብቃል። ከጓደኛ ጎን ለመቀመጥ ሌላ 12 ዩሮ ይጠየቃል። በትንንሽ ፊደል በሠፈረው ማብራሪያ ውስጥ ደግሞ «የከተማ ፕሮግራም» የተባለ 49 ዩሮ በጉዞ ላይ፣ እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ፣ በጥሬ ገንዘብ እንደሚሰበሰብ ተጽፏል። በማደሪያው የሚከፈለው የከተማ ቀረጥ ሳይቆጠር ድምሩ 165 ዩሮ ይደርሳል። «እራት ተካቷል» የሚለውም አይብ የፈሰሰበት ፓስታ ስለሆነ፣ የምትጾሙ ከሆነ እሱንም ከትርፉ አትቁጠሩት።

በብሎክድ አካውንት፣ ማለትም ለቪዛ ሲባል አስቀድሞ ገንዘብ ገብቶበት በየወሩ ብቻ በሚለቀቅ የባንክ ሂሳብ፣ ለሚኖር ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሚሠራበት ስሌት ቤተሰብ የውጭ ምንዛሪ በብዙ ውጣ ውረድ አፈላልጎ ካስገባው 11,904 ዩሮ በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ነው፤ 165 ዩሮ የዚህ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ከዚያው ገንዘብ ላይ የጤና መድን ከ140 ዩሮ በላይ፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ስለዚህ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሽርሽር የሚነካው የወሩን የምግብ ወጪ ነው።

ከሁሉ የከፋው ክፍል በእኔ እይታ ያ «የከተማ ፕሮግራም» ነው። ዋናው ማባበያው የሉቭር ሙዚየም መግቢያ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ26 ዓመት በታች ሆኖ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ወጣቶች ግን ሉቭርንም ሆነ ኦርሴ ሙዚየምንና የቬርሳይ ቤተ መንግሥትን በነፃ ይጎበኛሉ። መመዘኛው ነዋሪነት ስለሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዛችሁ አይከለክላችሁም፤ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ማሳየት፣ ለሉቭር ደግሞ የመግቢያ ሰዓት በሙዚየሙ በራሱ ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ በዜሮ ዋጋ መያዝ ይበቃል። የ22 ዓመት ተማሪ ለነፃ በር ጥሬ ገንዘብ ሲከፍል ዝም ብሎ የሚቀበል አዘጋጅ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ከ26 ዓመት በላይ የሆናችሁም ብትሆኑ ዋጋውን ከሙዚየሙ ገጽ አይታችሁ ከ49 ዩሮው ጋር አስተያዩት።

ሕጉን በተመለከተ ብዙዎቻችን በስህተት የምናምነው አንድ ነገር አለ፤ በኢንተርኔት የተገዛ ማንኛውም ነገር በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል የሚለው ነው። ይህ መብት ቀኑ ለተቆረጠ የጉዞ ፓኬጅ፣ ለአውቶቡስና ለአውሮፕላን ትኬት አይሠራም። በሌላ በኩል አዘጋጁ የማይነግራችሁ መብቶች አሉ። መጓጓዣና ማደሪያን በአንድነት የሚሸጥ ሁሉ በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ መሠረት በግዴታ የሚከፈሉትን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋውን ውል ከመታሰሩ በፊት መግለጽ አለበት። ቢከስር ገንዘባችሁን የሚመልስ መድን እንዳለው የሚያሳየውን፣ ጀርመኖች ዚኸሩንግስሻይን የሚሉትን ማረጋገጫ ሳይሰጣችሁም ቅድመ ክፍያ መቀበል አይችልም። ከ2 እስከ 6 ቀን የሚወስድን ጉዞ «በቂ ሰው አልተገኘም» ብሎ መሰረዝ የሚችለው ቢዘገይ ከመነሻው 7 ቀን በፊት ሲሆን፣ ከሰረዘም የከፈላችሁትን በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ «ለሌላ ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ውሰዱ» ቢላችሁ የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። እናንተ መሄድ ካልቻላችሁ ደግሞ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቃችሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ትችላላችሁ፤ በዝውውሩ ምክንያት የሚመጣ ወጪ ካለ ግን ትከፍላላችሁ። አስቀድሞ ምልክት በተደረገበት ሳጥን የተወሰደባችሁ ተጨማሪ ክፍያም በሕግ ተመላሽ ነው።

እነዚህ መብቶች የማይደርሱበት ሌላ ዓይነት ጉዞ መኖሩን በተለይ ልብ በሉ። አርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚመለስ፣ አልጋ የሌለው የፕራግ ወይም የአምስተርዳም ጉዞ ከ24 ሰዓት በታች በመሆኑ፣ ዋጋውም ከ500 ዩሮ ስለማያልፍ፣ በጀርመን ሕግ እንደ ጥቅል ጉዞ አይቆጠርም፤ የኪሳራ ማረጋገጫ የመስጠት ግዴታም የለበትም። ዋጋው ርካሽ የሚመስለው በከፊል ለዚህ ነው።

አዘጋጆቹ ስለ ወረቀታችሁም አይጠይቁም። በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ በሌሎች የሼንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል፤ ሆኖም ካርዱ ብቻውን ስለማይበቃ ፓስፖርቱንም መያዝ ያስፈልጋል። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ጀርመን በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ስለጀመረች የሌሊት አውቶቡስን አስቁሞ ተሳፋሪን መፈተሽ የተለመደ ሆኗል። የለንደን ፓኬጅ ደግሞ ለኛ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብሪታንያ ሼንገን ውስጥ ስለሌለች ቪዛ ያስፈልጋል፤ የማመልከቻ ክፍያው ብቻ ከ100 ፓውንድ በላይ ነው፤ ብትከለከሉም አይመለስም። ስዊዘርላንድ በበኩሏ የሼንገን አባል ብትሆንም የአውሮፓ ኅብረት የሮሚንግ (በሌላ አገር ሆኖ በራስ ሲም ካርድ የመጠቀም) ደንብ ስለማይመለከታት፣ የሲም ካርዳችሁን ውል ሳታዩ እዚያ ዳታ ከከፈታችሁ የስልክ ሂሳቡ ከጉዞው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ፕራግ ላይ የካርድ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በኮሩና?» ሲላችሁ የአገሩን ገንዘብ ኮሩናን ምረጡ፤ በመጥፎ ተመን ምንዛሪ ቤት ከመነዘራችሁም ከ2019 ጀምሮ በሚሠራ የቼክ ሕግ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን በ3 ሰዓት ውስጥ ማሰረዝ ስለሚቻል ደረሰኙን አትጣሉ።

ብዙዎቻችሁ በሴሚስተር ክፍያችሁ ውስጥ ዶይችላንድ ቲኬት፣ ማለትም በመላ ጀርመን በክልል ባቡርና በከተማ መጓጓዣ የሚያስኬደው ትኬት፣ አላችሁ። ይህን የያዘ ተማሪ ከሙኒክ ወደ ኖይሽቫንሽታይን ግንብ ለሚሄድ ፓኬጅ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም፤ እስከ ፉሰን ያለው የ2 ሰዓት ያህል የባቡር ጉዞና ከዚያ ወደ ግንቡ መንደር የሚወስደው አውቶቡስ በዚያው ትኬት ይሸፈናሉ፤ የሚቀረው የግንቡ መግቢያ ብቻ ሲሆን እሱን ብዙዎቹ ፓኬጆችም አይጨምሩትም። ትኬቱ እስከ ኦስትሪያዋ ሳልስቡርግ ዋና ባቡር ጣቢያ ድረስ ያደርሳል። የፈረንሳይዋን ስትራስቡርግ ማየት የፈለገም እስከ ጀርመን ድንበር ከተማ ኬል በክልል ባቡር ሄዶ ከዚያ የራይንን ወንዝ በትራም ወይም በእግር ይሻገራል። አይሲኢ እና አይሲ በሚባሉት የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ግን ትኬቱ ስለማይሠራ ከመሳፈራችሁ በፊት የባቡሩን ዓይነት አረጋግጡ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ የክፍያ ገጹንና የውሉን ጽሑፍ ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት፤ በአውቶቡስ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ከተጠየቃችሁም ያለ ደረሰኝ አትስጡ። ተመላሽ የምትጠይቁትን በስልክ ሳይሆን በኢሜይል፣ የመክፈያ ቀነ ገደብ አስቀምጣችሁ ጠይቁ። አዘጋጁ ጀርመን ውስጥ የተመዘገበ ከሆነ ፈርብራውኸርጸንትራለ የሚባለው የየክልሉ የሸማቾች ምክር ማዕከል፣ በሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ኬል ከተማ የሚገኘው የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል የጀርመን ቢሮ ጉዳዩን ይቀበላል፤ የኋለኛው አገልግሎቱን የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ምክር ቤቱ፣ አስታ የሚባለው፣ ለተማሪዎች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቀን ስላለው ውሉን ይዛችሁ እዚያ መጀመር ትችላላችሁ።