180 የሠርግ ፖስታ በፓይሎት ፓራለል እስክሪብቶ ጽፌ ያየሁት

እህቴ ጥር ላይ አገባች። የጥሪ ካርዱ ታትሞ መጣ፣ ፖስታው ግን ባዶ ነበር። ስሙን በኮምፒውተር አትሞ መለጠፍ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል። እኔ ግን ለሠርግ የሚጠራ ሰው ስሙ ተለጥፎ ሲደርሰው ደስ አይለኝም። እናቴም «ጥሪ አክብሮት ነው» ስትል ነው ያደግነው። ስለዚህ 180ውንም እኔ እጽፋለሁ አልኩና የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ፓይሎት ፓራለል የሚባለውን የጃፓን እስክሪብቶ በሦስት የጫፍ ስፋት እንድታመጣልኝ ለመንኳት፦ 1.5፣ 2.4 እና 3.8 ሚሊሜትር። 6.0ም አለው፣ እሱ ግን ለፖስታ በጣም ወፍራም ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። የአማርኛ ፊደል በእጅ አሳምሮ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚሻል እስክሪብቶ እስካሁን አልያዝኩም።

ኢንተርኔት ላይ የምናየው የፖስታ ማስጌጥ ትምህርት አብዛኛው በብራሽ ፔን፣ ማለትም ጫፉ እንደ ብሩሽ በሚለሰልስ እስክሪብቶ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ጫን፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቀለል፣ ፊደሉ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይሄዳል። ለላቲን ፊደል ያምራል። የኛ ፊደል ግን አይያያዝም። እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆመው። ውፍረቱም ከመጫን ሳይሆን ከብዕሩ ጫፍ ስፋት ነው የሚመጣው። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ በመቃ ብዕር የጻፉትን ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ቁሙ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን። እኔም በብራሽ ፔን አንድ ሳምንት ሞክሬ ነበር፣ «መ» ሁሌ እንዳበጠ ይቀራል።

ፓራለሉ ጫፉ ሁለት ጠፍጣፋ ስስ ብረት ነው። ብረቶቹ ትይዩ ሆነው ቀለሙ በመሃላቸው ይወርዳል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ጫፉ እንደተቆረጠ መቃ ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ታች ስትስቡት ሙሉ ስፋቱን ይሰጣል፣ ወደ ጎን ስትስቡት እንደ ክር ይቀጥናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የላቲን ጽሕፈት የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ያዙ ይላሉ። ለኛ አይሠራም። ጫፉን ከመስመሩ ጋር እኩል አጋድሙት። ሲዘነበል ቁሙ ይሳሳል፣ አግድሙ ይወፍራል፣ ፊደሉም የሌላ አገር ይመስላል። ይህን እስክረዳ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ ፖስታው። ሁሉም የሚጀምረው በ«ለ» ነው። 180 ጊዜ «ለ»! እሷን በ3.8 በቀይ ትልቅ አድርጌ በግራ በኩል አቆምኳት፣ ከእሷ ቀጥሎ ከላይ «ክቡር አቶ» ወይም «ክብርት ወ/ሮ» በ1.5፣ ከታቹ ስሙ በ2.4፣ ከሥሩ ደግሞ «ከነቤተሰብዎ» እንደገና በ1.5። የፊደሉ ቁመት የጫፉ አምስት እጥፍ ሲሆን ያምራል፣ ስለዚህ 2.4 ወደ 12 ሚሊሜትር የሚጠጋ ፊደል ይሰጣችኋል። ፖስታዬ 162 በ114 ሚሊሜትር ነበር። ግራና ቀኙን ትቼ በአንድ መስመር ከአሥር ብዙ የማይበልጥ ፊደል ነው የሚገባው። እንደ ገብረመድኅን ያለ ስም ከአባት ስም ጋር ከሆነ ሁለት መስመር ስጡት፣ አታጣቡት።

ቀዩን ለ«ለ»ና ለሁለት ነጥቡ ብቻ ነው የተጠቀምኩት። በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ስለሆነ የሰውን ስም በቀይ መጻፍ አልወደድኩም። በቃላት መካከል የምንተወውን ሁለት ነጥብ ግን መልሱት! እስክሪብቶውን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስትነኩ ነጥቡ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል፣ ብቻውን ጌጥ ነው። ደግሞም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ካርትሪጅ (የቀለም ቀፎ) አብሮ ስለሚመጣ ለመጀመሪያ ሌላ ቀለም መግዛት አያስፈልግም።

በጣም የወደድኩት ሌላ ነገር አለው። የቀዩን ጫፍ ከጥቁሩ ጫፍ ጋር ለጥቂት ሰከንድ አነካክታችሁ ስትጽፉ፣ የመጀመሪያው ፊደል ቀይ ይወጣና እየጠቆረ እየጠቆረ ሄዶ ሦስተኛው አራተኛው ላይ ጥቁር ይሆናል። ለሙሽራው ወላጆች የሄዱትን ፖስታዎች እንደዚያ ጻፍኳቸው።

ለመስመሩ ደግሞ በወፍራም ጥቁር ያሰመርኩትን ካርቶን ፖስታው ውስጥ አስገባለሁ፣ ነጭ ፖስታ ከሆነ መስመሩ ከላይ ይታያል። በእርሳስ አስምሮ በላጲስ ከማጥፋት ይገላግላል።

ችግሩም ይነገር። ቀለሙ ውሃ አይችልም፣ እርጥብ ጣት ከነካው ይዘረጋል። ከደረቀ በኋላ ነጭ ሻማ በስሱ ሳሸው ትንሽ ረድቶኛል፣ ክረምት ላይ ለሚበተን ጥሪ ግን አልመክርም። ወረቀቱም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ፖስታ ቀለሙን እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ የፊደሉን ጠርዝ አጥፍቶብኛል፣ ሻጩ ለናሙና የሰጠኝና ያስረከበኝ ወረቀት አንድ አልነበሩም። 40 ፖስታ ጣልኩ። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ በያዛችሁት እስክሪብቶ ጻፉበት። የሚያብለጨልጨው ወረቀት ደግሞ ቶሎ አያደርቅም። በጥቁርና በወይን ጠጅ ፖስታ ላይ ፓራለሉ ጭራሽ አይታይም፣ ለዚያ ጄሊ ሮል የሚባለውን ነጭ ጄል እስክሪብቶ ይዛችሁ ፊደሉን መጀመሪያ በቀጭኑ ጻፉ፣ ከዚያ ቁም ቁሙን ብቻ ደርቡና አወፍሩ።

እጥበት አትርሱ። ቀለም ውስጡ ደርቆ ከቀረ ይዘጋል። አብራው የምትመጣው መጭመቂያ ውሃ ስባ ትገፋበታለች፣ ስሷ ፕላስቲክ ደግሞ በብረቶቹ መካከል ገብታ ታጸዳለች። እኔ ማታ ማታ አጥባለሁ።

ከእስክሪብቶው ጋር ባይገናኝም ልናገረው። ስም ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤቱን ወይም ቤተሰቡን ጠይቁ። ኃይሉ በየትኛው «ሀ»? ፀሐይ በ«ፀ» ወይስ በ«ጸ»? ዓለሙስ? ሰው በስሙ ፊደል ይኮራል። ጎረቤታችን እትዬ «በንጉሡ ሠ ነው ልጄ፣ አባቴ እንደዚያ ነው የሚጽፉት» ብለውኝ አስተካክዬ ጻፍኩላቸው። ከሠርጉ በኋላ ቡና ልጠጣ ቤታቸው ስገባ ቡፌው ላይ ካርዱን ሳይሆን ፖስታውን አቁመውታል።

አንድ ብቻ መግዛት የሚችል 2.4ን ይግዛ። ሁለት ከቻለ 1.5ን ይጨምር። 3.8ን እኔ የምጠቀመው ለ«ለ» ብቻ ነው። 180ውን ለመጨረስ 2.4ቱ ብቻ አምስት ካርትሪጅ ፈጅቷል፣ ስታስመጡ ትርፍ ጥቁር አብራችሁ አስመጡ፣ እኔ እዚህ ፈልጌ አጥቼ ሥራው መሃል ላይ አራት ቀን ቆሞብኛል።