ባለ ጋስኬት፣ ብሬዝድ ወይስ ከፊል ብየዳ? ሐዋሳ ላይ ፕሌት ሂት ኤክስቼንጀር ለምትገዙ

ፕሌት ሂት ኤክስቼንጀር በቀጫጭን የብረት ፕሌቶች በኩል፣ ፈሳሾቹ ሳይቀላቀሉ፣ ሙቀትን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አቅሙን ነው፤ በሰዓት ስንት ሊትር፣ ከስንት ዲግሪ ወደ ስንት። ዓይነቱን የሚወስነው ግን ዕቃው ተከፍቶ መታጠብ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው።

ለወተትና ለጭማቂ መከፈት አለበት፤ ስለዚህ ባለ ጋስኬቱን፣ ማለትም በፕሌቶቹ መካከል የጎማ ማሸጊያ ያለውን፣ ግዙ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው የስቴንለስ ፕሌቶች በረጃጅም ቡሎን ይታሰራሉ። ወተት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ፓስቸራይዝ ሲደረግ፣ የሚወጣው ትኩስ ወተት የሚገባውን ቀዝቃዛ ያሞቀዋል። ነዳጅ የሚቆጥብላችሁ ይህ ክፍል ነውና ዋጋ ለማውረድ ብላችሁ ከዚህ ላይ ፕሌት አታስቀንሱ። ምርት ሲያድግም ፍሬሙ ቦታ ካለው ፕሌት ይጨመርበታል።

ጣጣው ጋስኬቱ ነው። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ሙቅ ውሃ ይችላል፣ ዘይት ግን ያሳብጠዋል። ይርጋለም አካባቢ የአቮካዶ ዘይት የሚያመርት ሰው ኤንቢአር የሚባለውን ዘይት የሚችል ጎማ ይጠይቅ፤ እሱ ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ቶሎ ይደርቃል። ጋስኬት የሚገጥመው ለተሠራለት የፕሌት ሞዴል ብቻ ስለሆነ አንድ ሙሉ የመለዋወጫ ጋስኬት ስብስብ ከማሽኑ ጋር በፕሮፎርማው ላይ ይግባ። ይህን ሳታስጽፉ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ።

ስትከፍቱት ቡሎኑን ከማላላታችሁ በፊት በፕሌቶቹ ጎን ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ የቀለም መስመር አስምሩ። መልሳችሁ ስትገጥሙ መስመሩ ከተሰበረ አንዱ ፕሌት ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ፕሌቶቹን ከፊትና ከኋላ በያዙት በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ያለውን ርቀትም ለኩ፤ ቡሎኑ ጠብቆ ርቀቱ አምራቹ ከሰጠው ልክ በታች ከሆነ ፕሌቱ ይጎብጣል።

ብሬዝዱ በመዳብ የተጣበቀ ነው፤ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ጋስኬት የሌለው። ለሆቴል ሙቅ ውሃና ለቺለር (ውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አይከፈትም፤ ከተደፈነ በኬሚካል ይታጠባል፣ ካልሆነ ይጣላል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ማጣሪያ ግዴታ ነው። አሞኒያ መዳብን ስለሚበላ አሞኒያ ባለበት ማቀዝቀዣ ላይ ፈጽሞ አይግባ።

ለአሞኒያ ከፊል ብየዳው አለ፦ ፕሌቶቹ ጥንድ ጥንድ ተበይደው አሞኒያው በብየዳው በኩል፣ ሌላው ፈሳሽ በጋስኬቱ በኩል ያልፋል። ቢራ ፋብሪካና ትልልቅ ቀዝቃዛ መጋዘን የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው። ሙሉ ብየዳው ግፊትና ሙቀቱ በጣም ለከፋበት የኬሚካል ሥራ ነው፤ ሌላው አይፈልገውም።

ጨርቅ የምታቀልሙ ከሆነና ከትኩሱ ፍሳሽ ሙቀት መልሳችሁ መያዝ ከፈለጋችሁ፣ ተራው ፕሌት በክር ብናኝ ይደፈናል። በፕሌቶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለውን ባለ ጋስኬት ጠይቁ።