የድመት በር የት ይገጠም? ፓኔል፣ መስታወት ወይስ ግድግዳ

ለንደን ያሉ ወዳጆቼ ድመት ባመጡ ቁጥር ይደውሉልኛል፦ መግቢያዋን የት ላስበሳ? አገር ቤት ድመት በመስኮት ገብታ በጣሪያ ትወጣለች፤ በር የሚበሳላት የለም። እዚህ ግን ክረምቱን መስኮት ከፍቶ ያደረ ሰው የጋዝ ሂሳቡን ያየዋል።

መልሴን ላስቀድም። የጓሮ በራችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ታችኛውን ፓኔል (በበሩ ፍሬም መሃል የተሰካውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ብሱ። ግድግዳ የራሱ ቤት ላለውና ገንዘብ ለተረፈው ነው። መስታወት ሌላ መላ ሲጠፋ ነው።

ተራዋ የምትወዛወዝ መዝጊያ 20 ፓውንድ ገደማ ናት፤ የድመቷን ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ስር የሚቀበር ትንሽ መለያ) አንብባ የምትከፍተው ከ70 እስከ 100 ትሄዳለች። ጂግሶ መጋዝ ያለው ጓደኛ ካላችሁ የመግጠሚያው ዋጋ አንድ ምሳ ነው። በዚያ ላይ ፓኔሉ ተነቃይ ነው፦ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን የያዙትን ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች በስስ ነገር ስትፈለቅቋቸው ሙሉው ይወጣል። ተከራዮች አከራዩን አስፈቅዱና በልኩ ሌላ ፓኔል አስቆርጣችሁ እሱን ብሱ፤ የቤቱን ፓኔል ደግሞ አልጋችሁ ስር አኑሩት። ስትለቁ መልሳችሁ ትከቱታላችሁ፣ ዲፖዚታችሁም አይነካም።

መስታወቱ ሌላ ጣጣ ነው። የበር መስታወት አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የተጠናከረ ስለሆነ ልብሳው ያለ ሰው ያደቀዋል እንጂ አይበሳውም። ቀዳዳው ከፋብሪካ የወጣለት አዲስ ድርብ መስታወት ማዘዝ ግድ ነው። እኔን 280 ፓውንድ ጠይቀውኛል፣ ያውም መዝጊያዋን ሳይጨምር! አንዲት ወዳጄ ከፍላ አሠራች። የቀዳዳው ዙሪያ በደንብ ስላልታሸገ ክረምት ሲገባ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ጉም ያዘ። እሱ ደግሞ በጨርቅ አይደረስበትም፤ ያለው መፍትሔ ሙሉውን መቀየር ነው። ገጣሚው ስልክ ማንሳት አቁሟል።

ግድግዳ ከተገጠመ በኋላ ጥሩ ነው፣ በሩም ሳይነካ ይቀራል። ግን የእንግሊዝ ግድግዳ ብዙው ድርብ ነው፤ መሃሉ ክፍት ነው ወይም ኢንሱሌሽን ተሞልቶበታል። ድመቷ ግድግዳውን የምታልፍበት ቱቦ ወደ ውጭ ትንሽ ካላዘቀዘቀ ዝናብ ወደ ውስጥ ይመለስና ግድግዳው እርጥበት ይይዛል። የቱቦው ማራዘሚያ ደግሞ ቁራጭ በቁራጭ ለብቻው ይሸጣል፤ ሂሳቡ እዚያ ላይ ያብጣል።

አፓርታማ ያላችሁ፣ ወደ ኮሪደር የሚከፈተው በር እሳት መከላከያ ስለሆነ አትንኩት።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ በመዝጊያዋ አትሰስቱ። በርካሽ የሚሸጡት፣ ድመቷ አንገት ላይ በሚታሰር ማግኔት የሚከፈቱት መዝጊያዎች ለጎረቤት ድመትም ይከፈታሉ፤ አንገቷ ላይ ማግኔት ካለ በቂ ነው። የእናንተዋም ሚስማርና የጠርሙስ ክዳን አንገቷ ላይ ለጥፋ ትመጣለች። እንግሊዝ ውስጥ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላት ቺፕ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ይደርሳል። ቺፑን በግድ ከፍላችሁበት መዝጊያዋ ካላነበበችው ምን ዋጋ አለው? በሩ ብረት ከሆነ ግን ማንበቢያውን ስለሚረብሸው ቀዳዳው ሰፋ ብሎ መቆረጥ አለበት።

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ድመቷን አቁማችሁ ከወለል እስከ ሆዷ ለኩ፤ የቀዳዳው የታች ጠርዝ እዚያ ላይ ይዋል። በቀዳዳው የገባ እጅ መቆለፊያው ጋ ሊደርስ ስለሚችል ቁልፉን ከውስጥ ሰክታችሁ አትተዉ።