ለዚያች ረዳት መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ

ክረምቱን ልጄን የት ላውለው እያላችሁ ለምትጨነቁ ወላጆች ነው የምጽፈው። በዚያውም ምስጋናዬን ላድርስ።

ሐምሌና ነሐሴ ለሠራተኛ እናት ፈተና ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። የእኔ ልጅ ደግሞ ሲናገር ይንተባተባል። ሰው ፊት ሲሆን ይብስበታል።

አምና ስሙን የማልጠራው ቦታ አስመዘገብኩት። ቲያትር እናስተምራለን ብለው ክፍያውን በአንዴ ተቀበሉ። ለአልባሳት ተብሎም ሌላ ብር ጨመርን። አልባሳቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። አንድ ቀን ሳልናገር ብሄድ ልጆቹ ካርቱን ተከፍቶላቸው ተኮልኩለዋል። ልጄን ደግሞ "ይሄ መናገር አይችልም" ብለው ዛፍ አደረጉት። ዛፍ! ቅርንጫፍ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ጨረሰ። አስተባባሪውን ባናግረው "እሱም እኮ ሚና ነው" አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ጎትጉታኝ ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ዋናው አሠልጣኝ ጎበዝ ናቸው፣ አልክድም። እኔን ያስለቀሰችኝ ግን ረዳታቸው ናት። ገና የቲያትር ተማሪ ናት። ልጆቹ "ሚስ" ይሏታል። የጫማ ክር የምታስር እሷ፣ ሽንት ቤት የምትወስድ እሷ፣ ምሳ ዕቃ የምትከፍት እሷ፣ የተጣላ የምታስታርቅ እሷ። ማስተማሩ በዚህ ላይ ነው።

ልጄን ተናገር ብላ አላስጨነቀችውም። የሁሉንም ቃለ ተውኔት የያዘውን ወረቀት ሰጥታ "አንተ ከመጋረጃ ጀርባ ከእኔ ጋር ነህ። ሲረሱ ታስታውሳቸዋለህ" አለችው። በሹክሹክታ ሲያወራ ብዙም አይንተባተብም። ተምራው ይሁን እንዲሁ ገብቷት እኔ አላውቅም።

ያቀረቡት ያንን የምናውቀውን ተረት ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ፤ በሬ የበላው ይቅር ተብሎ ሣር የነጨችው አህያ ይፈረድባታል። ልጆቹ "ይሄማ ልክ አይደለም" ብለው አህያዋን አስመለጧት። እኛ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ቁጭ ብለን የሰማን ነን። የዛሬዎቹ ገብተው ያስተካክሉታል።

ትርኢቱ የቡሄ ሰሞን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጅቡ ቃሉ ጠፋው። ልጄ ሹክ አለው፣ አልሰማውም። ጮክ ብሎ ሲደግመው ተንተባተበ፣ አዳራሹም ሰማ። አንዳንድ ሰው ሳቀ። እኔ ወንበሬ ላይ ደረቅኩ። ይሄኔ ሚስ ከመጋረጃው ጀርባ "አያ ጅቦ! ጆሮህን ጅብ በላው እንዴ? ልጁ እየነገረህ እኮ ነው! የኔ ጌታ፣ እስቲ ድገምለት!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሁን የሚሳቀው በጅቡ ነው። ልጄ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ደገመለት። ጭብጨባው! ሲያበቃ እጁን ይዛ መድረክ ላይ አወጣችው። ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩም ከፊት ነበር።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ዓይናፋር ቢሆን፣ ቢንተባተብ፣ ቢያስቸግር እሷ ጋ ውሰዱት። ውሰዱት ብያለሁ! ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቦታውን እነግራችኋለሁ። ወልዳ ለመሳም ያብቃት። የሥልጠናው ባለቤቶች ደግሞ ይህን ካያችሁ ደመወዟን ጨምሩላት። ሌላ ሰው ሳይወስድባችሁ።