የቮልስ ባለቤቶች፣ «ሳልቫትዮው ተበስቷል» ሲሏችሁ አትመኑ

ጎጃም ውስጥ አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር።

ቤንዚን ሲገኝ ሁላችንም እስከ አፉ ነው የምናስሞላው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ሽታው አላስቀምጥ ይላል። ጋራዥ ስትሄዱ «ሳልቫትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ተበስቷል፣ ወርዶ ይበየድ» ትባላላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ እኔም የተባልኩት ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አብቅቶለታል» አለኝ መካኒኩ፣ የፊት ኮፈኑን በቅጡ እንኳ ሳያይ።

የቮልስ ሳልቫትዮ ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው፤ 40 ሊትር ያህል ይይዛል። አናቱ ላይ የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረው ተንሳፋፊ በ5 ቪት (ብሎን) ታስሯል። ከሥሩ እንዳያፈስ የምታሽግ ቀጭን ጓርኒሲዮን አለች። በዕድሜ ብዛት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። አናት ላይ ስለሆነች ቤንዚኑ የሚደርስባት ሲሞላ ነው። ስለዚህ ሽታው ስትሞሉ መጥቶ ሲጎድል ከጠፋ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ። ግማሽ ሆኖም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ቱቦውንና ሳልቫትዮውን አስፈትሹ።

ማርቆስ ብርድ ላይ ሞልታችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል። ቤንዚን ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ከፍ ቢል 40 ሊትሩ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ይጨመራል። መሄጃው በዚያች ስንጥቅ ነው።

አላስበይድም ስል «ኦሪጅናል ጓርኒሲዮን አለኝ» ተባልኩ። 3,500 ብር ከፈልኩ። ሽታው ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ አስፈታሁት። በመቀስ የተቆረጠ ካላማዳሪ! ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል። ቤንዚን ጠጥቶ አብጦ ከቪቶቹ መሃል ወደ ውጭ ተገፍቷል። ዙሪያውን የተለደፈው ሲሊኮን ደግሞ በጥፍር ሲነኩት ይላጣል። ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው። የካላማዳሪ ጎማ ቤንዚን አይችልም፤ ተራ ሲሊኮንም እንደዚያው። ገንዘቤን ስጠይቅ «ሥራው ተሠርቷል» ነው መልሱ።

የምትጠይቁት ናይትራይል ወይም ቫይተን የሚባለውን ጎማ ነው። ቤንዚን የሚችል የቡሽና የጎማ ድብልቅም ይሆናል። ሻጩን ካላመናችሁት ቁራጩን ቤንዚን ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አሳድሩት። ካበጠ ወይም ከለሰለሰ መልሱለት።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ነዳጁ ይጎድል። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ኔጌቲቩ ይፈታ። ተንሳፋፊው ሳይወጣ አቀማመጡ ምልክት ይደረግበት። የድሮው ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ ተጠርጎ ይጥራ፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ። ቪቶቹ በየተራ፣ ፊት ለፊት እያፈራረቁ፣ ሳይበዛ ይጥበቁ። ሲበዛ ክዳኑ ይጣመምና እንደገና ያፈሳል። ይህን ሁሉ ቆማችሁ እዩ፣ አሮጌውንም ተቀበሉ።

ብየዳውን ግን አደራ። ቤንዚኑ ተቀድቶ ያለቀ ሳልቫትዮ ባዶ አይደለም። ውስጡ ትነቱ አለ፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ የመካኒክ ጉድጓድ ውስጥም ይተኛል። እኔ የሄድኩበት ጋራዥ ብየዳው ከመኪናዬ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር፣ ልጆቹም ሲጋራ ያጨሳሉ። ሳልቫትዮውን በውኃ አጥቦ ትነቱን ሳያስወጣ «ልበይደው» የሚላችሁን ሰው ቁልፉን ተቀብላችሁ ውጡ።